ምክርና ምስክር

ምክር መስጠት ቀላል ነው፤ ምክርን መፈጸም ግን ዋጋ ያስከፍላል። መካሪው ቃሉን ተናግሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ተመካሪው ግን ያንን ቃል ተሸክሞ ጊዜውን፥ ገንዘቡንና ጉልበቱን ያወጣበታል። ስለዚህ በሌላ ሰው ድካም የሚፈጸም ምክር የሚሰጥ ሁሉ አስቀድሞ ራሱን፥ «ይህን በምን ዐወቅሁ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህ ግዴታ በመካሪ ሁሉ ላይ ያለ ነው፤ ይልቁንም በሐኪም ላይ ይከብዳል። ምክሩን የሚቀበለው በሽተኛ ነውና፥ ሕመም ያደከመው ሰው ደግሞ ለመከራከር አቅም የለውም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ለማስረዳት ወደ ጨንቻ እንውጣ። ከአርባ ምንጭ ቆላ ተነሥቶ ዳገቱን የወጣ መንገደኛ ሙቀቱንና ሐይቆቹን ከበታቹ ትቶ፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ከፍ ወዳለው፥ ጉም ወደሚመላለስበት ደጋ ይደርሳል። ዝናቡ ብዙ ነው፤ አፈሩ ቀይ ነው፤ እንሰቱ በየጓሮው ቆሟል፤ ወንዶች ሲሸምኑ ሴቶችም ሲፈትሉ ይታያሉ። እንግዲህ በዚህ አገር የምትኖር አንዲት እናት በሐሳባችን እንሣል። እግሯ አብጧል፥ ቆዳዋ ሻክሯል፤ በየጊዜውም ትኩሳትና ቁርጥማት እየተነሣባት አልጋ ላይ ያውላታል። ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ፥ «እናታችን፥ እግርዎን በየቀኑ በሳሙና ይታጠቡ፤ ቅባት ይቀቡ፤ ካልሲና ጫማ ያድርጉ» ትባላለች።

ምክሩ አጭር ነው። ነገር ግን ውሃው ከምንጭ ተቀድቶ ዳገት በጀርባ የሚወጣ ነው። ሳሙናው በገንዘብ ይገዛል። ያበጠ እግር የሚያስገባ ጫማ በየሱቁ ተሰቅሎ አይገኝም፥ በልክ መሠራት አለበት። ይህም ሁሉ የሚደረገው ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ሳምንት አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ነው። እንግዲህ ይህን ዋጋ በየቀኑ የምትከፍለው እርሷ ከሆነች፥ መካሪዋም በበኩሉ ለምክሩ ምስክር ሊያቀርብላት ዕዳ አለበት።

ይህ በሽታ በአማርኛ ዝሆኔ ይባላል፤ ያበጠውና የሻከረው እግር የዝሆንን እግር ስለሚመስል ነው። ዝሆኔ ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንደኛው ትንኝ በምታስተላልፈው ትል የሚመጣ፥ በብዛትም የቆላ በሽታ ነው። ሁለተኛው ግን ከትልም ከትንኝም ጋራ ግንኙነት የለውም። ከፍታ ባለበት፥ ዝናብ በሚበዛበት፥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግራቸው በሚሠሩ ሰዎች ላይ የሚወጣ ነው። ሊቃውንቱ ይህን ሁለተኛውን ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እንደ ጨንቻ ያለ ደጋ፥ ዝናቡም ቀይ አፈሩም ለዚህ ዓይነቱ የሚስማማ አገር ነው። የዚያች እናት ሕመምም ይኸው ሁለተኛው ነው እንበል።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ የጤና ሠራተኛዋ ያንን ምክር ከየት አመጣችው? መልሱ፥ ከመመሪያ ነው። የሕክምና መመሪያ ማለት ሊቃውንት ተሰብስበው፥ «እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ሲመጣ እንዲህ አድርጉ» ብለው የሚጽፉት ሕግ ነው። መመሪያ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ የጤና ሠራተኛ በየራሱ ግምት በሠራ፥ በሽተኛውም በየደረሰበት ሌላ ሌላ ነገር በሰማ ነበር። ስለዚህ መመሪያ ትልቅ በጎ ነገር ነው። ዳሩ ግን መመሪያውን የጻፉትም ሰዎች ናቸውና እነርሱንም፥ «በምን ዐወቃችሁ?» ማለት ተገቢ ነው። በጥሩ ወረቀት ላይ መታተሙና ማኅተም መኖሩ ብቻ እውነት አያደርገውም።

የጋሞ ሽማግሌዎች ስለ ነገር ለመመካከር የሚሰበሰቡበትን አደባባይ ዱቡሻ ይሉታል። በዚያ አደባባይ ነገር የሚታየው በግልጽ፥ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። በአገራችንም በየትኛውም ሸንጎ ዳኛ የምስክርን ቃል ሁሉ እኩል አድርጎ አይቀበልም። ምስክሩ በዐይኑ ያየ ነው ወይስ የሰማ? ብቻውን ነው ወይስ ሌሎችም አብረውት ነበሩ? ከአንዱ ወገን ጋራ ዝምድና ወይም ጥቅም አለውን? ብሎ ይመረምራል። የሰውን ከብትና መሬት ለመዳኘት ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፥ የሰውን አካል ለመዳኘት ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግ አይገባም።

የሕክምና ማስረጃም እንደ ምስክር በየደረጃው ነው። ከሁሉ ዝቅ ያለው፥ «እኔ ለብዙ ዘመን ሐኪም ነኝ፥ ይህ እንደሚያድን ዐውቃለሁ» የሚል የአንድ ሰው ቃል ነው። ከዚያ ከፍ የሚለው፥ መድኃኒቱን የወሰዱ ሰዎች ከመውሰዳቸው በፊትና ከወሰዱ በኋላ የነበሩበትን ሁኔታ መዝግቦ ማስተያየት ነው። ሦስተኛው፥ መድኃኒቱን የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋራ ማነጻጸር ነው። አራተኛው፥ የሚወስዱትንና የማይወስዱትን በዕጣ ለይቶ ማነጻጸር ነው። በመጨረሻም እንዲህ ያሉትን ጥናቶች ሁሉ፥ የሚደግፉትንም የሚቃወሙትንም ሳይመርጡ ሰብስቦ መመዘን አለ።

ይህ ሥርዐት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1747 ጄምስ ሊንድ የሚባል የእንግሊዝ መርከብ ሐኪም ስከርቪ በሚባል በሽታ የታመሙ 12 መርከበኞችን ወስዶ ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈላቸው፤ ለእያንዳንዱም ጥንድ የተለየ መድኃኒት ሰጠ። ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ከሁሉ ይልቅ ፈጥነው ዳኑ። ሊንድ ይህን በ1753 በመጽሐፍ አሳተመ፤ ነገር ግን የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ለመርከበኞቹ የሎሚ ጭማቂ እንዲሰጥ ያዘዘው በ1795 ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል ስንቱ መርከበኛ እውነቱ ተጽፎ ሳለ ሞተ! ከዚህ የምንማረው፥ ያለ ማስረጃ ማዘዝ ጥፋት እንደ ሆነ ሁሉ ማስረጃው ከቀረበ በኋላ አለመስማትም ጥፋት መሆኑን ነው።

ከሊንድ ፈተና በኋላ 200 ዓመት ገደማ አልፎ በ1948 እንግሊዞች ስትሬፕቶማይሲን የሚባለውን መድኃኒት በሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ላይ የፈተኑበትን ውጤት አወጡ። በሽተኞቹ 107 ነበሩ፤ 55ቱ መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋራ፥ 52ቱ የአልጋ ዕረፍት ብቻ እንዲያገኙ ተደረገ። ማን በየትኛው ወገን እንደሚገባ የተወሰነው በሐኪሙ ምርጫ ሳይሆን በዕጣ ነበር። ለምን በዕጣ ሆነ? ዕቁብ የጠጣ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል። የዕቁቡ ዳኛ ገንዘቡን ለወደደው ሰው መስጠት ቢችል ኖሮ አባሎቹ በተጣሉ ነበር፤ ዕጣው ግን ዘመድና ባዳ፥ ሀብታምና ድኻ አይለይም። ሐኪምም እንዲሁ ነው። በምርጫው ቢሆን፥ ሳያውቀውም ቢሆን፥ ተስፋ ያላቸውን በሽተኞች ለአዲሱ መድኃኒት ይመርጣል፤ በኋላም በርከት ብለው ሲድኑ መድኃኒቱ ያዳናቸው ይመስለዋል። ዕጣ ይህን የልብ አድልዎ ይዘጋዋል።

በመመሪያ ጸሐፊዎችም ዘንድ ይህ ሥርዐት የገባው በቅርብ ጊዜ ነው። በ2000 ግሬድ የሚባል የሊቃውንት ማኅበር ሥራውን ጀመረ፤ ማስረጃንም ከፍተኛ፥ መካከለኛ፥ ዝቅተኛና እጅግ ዝቅተኛ ብሎ በአራት ደረጃ መደበ። በ2007 ደግሞ አንድሪው ኦክስማንና ባልደረቦቹ የዓለም ጤና ድርጅት ምክሮቹን የሚያወጣበትን መንገድ መርምረው አንድ ጥናት አሳተሙ። ያገኙትም፥ ድርጅቱ ጥናቶችን ሁሉ በሥርዐት ሰብስቦ ከመመዘን ይልቅ በአብዛኛው በጠራቸው ሊቃውንት አስተያየት ላይ የሚደገፍ መሆኑን ነው። የሚያስመሰግነው ነገር፥ ድርጅቱ በዚያው ዓመት መመሪያዎቹን የሚመረምር ኮሚቴ ማቋቋሙ ነው። ዓለም ሁሉ የሚሰማው ድርጅት እንኳ «በምን ዐወቅህ?» ሲባል ቆም ብሎ ራሱን መመርመር ካስፈለገው፥ እኛ ስንጠየቅ ልንቈጣ አይገባንም።

አሁን ወደ ዝሆኔ እንመለስ። በዚህ በሽታ ታሪክ ውስጥ እነዚያ የምስክርነት ደረጃዎች በሙሉ በገዛ አገራችን ተራ በተራ ሲመጡ እናያለን።

በመጀመሪያ የነበረው ወሬ ነው። አንዳንዱ በሽታው እርግማን ነው ይል ነበር፤ አንዳንዱ ተላላፊ ነው ይል ነበር፤ አንዳንዱ በዘር የሚወርድ ነው ይል ነበር። በዚህም ምክንያት በሽተኛው ከሰው ተለይቶ፥ ጋብቻም ተነፍጎ፥ አንዳንዴም ከማኅበርና ከለቅሶ ርቆ ይኖር ነበር። ወሬ ቢበዛ ባህያ አይጫንም ይባላል፤ ይህ ወሬ ግን በሰው ጀርባ ላይ ተጭኖ ነበር። ያልተማረው ብቻ ተሳስቶ ነበር እንዳይባል፥ በወላይታ የጤና ባለሙያዎችን የጠየቀ በ2010 የታተመ ጥናት ከባለሙያዎቹ ግማሽ ያህሉ በሽታውን ተላላፊ አድርገው እንደሚያስቡት ገልጿል። ተላላፊ አለመሆኑ ግን ከብዙ ዓመት በፊት ተጽፎ ነበር። ነጭ ካባ የለበሰ ሰው በሽተኛውን ለመንካት ሲፈራ ሕዝቡ ከዚያ ምን ሊማር ይችላል?

ሁለተኛው፥ ልባም ሰው በዐይኑ ያየው ነው። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ በሽታው በየትኛው አፈርና በየትኛው የአየር ጠባይ እንደሚገኝ እየተዘዋወረ አስተያየ። በእነዚህ በሽተኞች ደም ውስጥ ትሉ አልተገኘም፤ ከእግራቸው በላይ ባለው ንፍፊት ውስጥ ግን ከአፈር የመጡ ደቃቅ ቅንጣቶች ተገኙ። በ1988 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ይህን አስረድቶ፥ እግርና አቧራ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ሰጠው። ልብ ያላለውን ዐይን አያየውም የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ያንን ቀይ አፈር ስንት ሰው ረግጦት አልፏል!

ሦስተኛው ቈጠራ ነው። በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከ100 ሰው 5.46 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት ገለጠ። ቀጥሎም በ2006 በሽታው በወላይታ ብቻ በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ኪሳራ እንደሚያደርስ ተሰላ። ከዚያ ወዲያ ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ በ1315 ቀበሌዎችና ሰፈሮች ተዘዋውረው ባደረጉት አገር አቀፍ ቈጠራ፥ በ2015 እንዳሳተሙት፥ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ጀምሮ ከሆኑት ሰዎች 4 በመቶ የሚሆኑት በሽታው ተገኝቶባቸዋል። በመካከሉም በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ለዚህ በሽታ ተጋላጭ የሚያደርግ የዘር ጠባይ መኖሩን በወላይታ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት አሳዩ። ስለዚህ «በዘር የሚወርድ ነው» ያለው ገበሬ ከፊሉን አይቶት ነበር፤ ነገር ግን አፈሩ ባይኖርና እግሩ ባዶ ባይሆን ኖሮ ያ ዘር ብቻውን አያሳምምም ነበር። ወሬን ሁሉ መናቅ አይገባም፤ መመርመር ግን ይገባል።

አራተኛው ሕክምናው ነው፤ የእኛም ዋና ነገር ይህ ነው። በወላይታ በሽተኞችን እግር መታጠብ፥ ቅባትና ጫማ መጠቀም የሚያስተምሩ በጎ አድራጊዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሠርተዋል። የሠሩትም ሥራ የተመሰገነ ነው። በ2010 አንድ ጥናት በዚህ ሕክምና ያለፉ 33 በሽተኞችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ እብጠታቸው እንደቀነሰ፥ ኑሯቸውም እንደተሻሻለ አመለከተ። ይህን የሰማ ሰው፥ «እንግዲህ ነገሩ አለቀ፥ መታጠብ ይጠቅማል» ሊል ይችላል። ነገር ግን ቆም እንበል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ሕመሙ በጠናበት ጊዜ ነው። በጣም የጠና ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ ባይታከምም በኋላ ጥቂት ይበርዳል። በክረምት ጭቃ ውስጥ ቆይቶ የመጣ በሽተኛ በበጋ ቢሻለው፥ ያሻለው ሳሙናው ነው ወይስ በጋው? እንክብካቤ ያገኘ ሰው ደግሞ ያከበሩትን ሰዎች ላለማሳዘን «ደኅና ነኝ» ይላል። እነዚያ 33 ሰዎች ምን በሆኑ ነበር ብለን የምናነጻጽራቸው ሌሎች ሰዎች ስላልነበሩ ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ። ጥናቱ ሐሰት አልነበረም፥ ምስክርነቱ ግን ደካማ ነበር። በዚህ ደካማ ምስክር ላይ መንግሥት ለብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ገንዘብ እንዲመድብ መጠየቅ ከባድ ነበር።

ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ ታላቅ ፈተና ተደረገ። 1339 በሽተኞች ታይተው 696ቱ ተመረጡ። በዕጣም ተለይተው 350ዎቹ ወዲያው ሕክምና እንዲጀምሩ፥ 346ቱ ግን ከ12 ወር በኋላ እንዲጀምሩ ተደረገ። ሕክምናው በሆስፒታል ብቻ የሚገኝ ረቂቅ ነገር አልነበረም፤ እግርን ተዋስያን በሚገድል ፈሳሽ መታጠብ፥ ቅባት፥ ፋሻ፥ የእግር እንቅስቃሴ፥ ካልሲና ጫማ ነበር። የሚቈጠረውም ያ ትኩሳትና ቁርጥማት እያመጣ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ነበር።

ውጤቱን ሄኖክ ንጉሤና ባልደረቦቹ በ2018 አሳተሙት። ሕክምናውን ሲጠባበቁ የነበሩት በሽተኞች ሕመሙ በዓመት ለአንድ ሰው በአማካይ 23.9 ጊዜ ተነሣባቸው፤ የታከሙት ግን 19.4 ጊዜ። ይህም ማለት ከአምስት አንዱ ያህል ቀነሰ፥ ለአንድ ሰውም በዓመት ከአራት እስከ አምስት ጊዜ የሚሆን ሕመም ቀረለት ማለት ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቍጥር ደግመህ ተመልከተው። ሳሙናና ጫማ እንደሚጠቅሙ ተረጋገጠ፤ ደስ ይበለን። ነገር ግን የታከሙትም ቢሆኑ 19 ጊዜ ታመዋል። በፊት «ታጥበህ ዳን» እያለ ተስፋ ያበዛ መካሪ ቢኖር ኖሮ፥ ታጥቦ ታጥቦ በወሩ ሕመሙ የተነሣበት ሰው ምን ይል ነበር? «ዋሹኝ» ይልና ሳሙናውንም ጫማውንም ይተዋል፤ ወይም «ጥፋቱ የእኔ ነው፥ በደንብ አልታጠብሁም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። እውነተኛው ቍጥር ከሁለቱም ያድነዋል። የጥናት ጥቅሙ «አዎን» ወይም «አይደለም» ማለት ብቻ አይደለም፤ «ምን ያህል» የሚለውን መመለስ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ መነሣቱም መልካም ነው። 346 የታመሙ ሰዎችን 12 ወር ማስጠበቅ ጭካኔ አይደለምን? የሕክምናው ጥቅም አስቀድሞ የተረጋገጠ ቢሆን ኖሮ በእርግጥ ጭካኔ ነበር። ዳሩ ግን አልተረጋገጠም ነበር፤ ከዚያ በፊትም እልፍ አእላፍ በሽተኞች ማንም ሳይመዘግባቸው ሕክምና ሳያገኙ ኖረው ሞተዋል። እነዚህ ግን ሲጠብቁ ቆይተው ሕክምናውን አገኙ፤ መጠበቃቸውም በከንቱ አልቀረም፥ ለሌላው ሁሉ ምስክር ሆነ። ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው ይባላል፤ እነዚያ የጎጃም ገበሬዎች ግን የራሳቸው እሾህ ሳይወጣ ለጨንቻ፥ ለወላይታና ለሌላውም አገር ሰው መንገድ ጠርገዋል። መመሪያ አንብቦ የሚያክም ሁሉ የእነርሱ ባለዕዳ ነው።

ሌላም ነገር እንመን። የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የዝሆኔን ሕክምና የሚመለከት መመሪያ ያወጣው በ2016 ነው፤ የዚያ ታላቅ ፈተና ውጤት የታተመው በ2018 ነው። ስለዚህ መመሪያው ከጠንካራው ምስክር ቀድሟል። ይህ ጥፋት ነውን? እኔ ጥፋት ነው አልልም። ቤት ሲቃጠል የውሃውን ጥራት የሚመረምር የለም። ሳሙናና ጫማ ሰው አይገድሉም፤ በሽተኛውም ዛሬ ነው የታመመው። በደካማ ማስረጃ ላይ ቆሞ መሥራት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዳሩ ግን ያን ጊዜ፥ «ማስረጃችን ገና ደካማ ነው፤ እየሠራን እንመረምራለን» ብሎ መናገር ይገባል። ነውሩ ደካማ ማስረጃ መያዝ ሳይሆን ደካማውን ጠንካራ አስመስሎ ማቅረብ ነው።

ደካማ ማስረጃ ሁልጊዜም እንደ ሳሙና የዋህ አይደለም። በጎረቤቶቻችን በኬንያ፥ በዩጋንዳና በታንዛንያ የሆነውን እንስማ። ብርቱ ትኩሳት ይዟቸው ደማቸው በሰውነታቸው በደንብ መዘዋወር ለተሳነው ሕፃናት፥ በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ ፈጥኖ መስጠት ያድናል ተብሎ በመመሪያ ታዝዞ ነበር። ነገሩ ለአእምሮ የሚስማማ ነው፤ ሊቃውንቱም ያምኑበት ነበር። በዕጣ ተለይቶ በ3141 ሕፃናት ላይ ሲፈተን ግን በ2011 የታተመው ውጤት ሰውን ሁሉ አስደነገጠ። ፈሳሹ ፈጥኖ ከተሰጣቸው ሁለት ወገኖች በ48 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሕፃናት 10.6ቱና 10.5ቱ ሞቱ፤ ፈጥኖ ካልተሰጣቸው ግን 7.3ቱ። እጃቸው በርኅራኄ የሚንቀጠቀጥ ደጋግ ሐኪሞች ለማዳን ብለው ያደርጉት የነበረው ነገር ለእነዚያ ሕፃናት ጕዳት ሆኖ ተገኘ። ቸርነት ያለ ዕውቀት ሊገድል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምን ሊያስረዳን ይችላል?

ይህን ሁሉ ካነበብህ በኋላ ወደ ሌላው ገደል እንዳትወድቅ እለምንሃለሁ። አንዳንድ ወጣት ጥቂት ከተማረ በኋላ፥ «ማስረጃ የለውም» የምትለዋን ቃል እንደ ዱላ ይዞ ሁሉን ይመታባታል። «አልተመረመረም» ማለትና «አይጠቅምም» ማለት ግን የተለያዩ ናቸው። ሕፃናት ጫማ ቢያደርጉ ከዝሆኔ ይድናሉ የሚለው ትምህርት የቆመው በብዙ ምልከታና በሽታው ከአፈር እንደሚመጣ በማወቅ ላይ ነው፤ ለዚህ ሲባል ግማሾቹን ሕፃናት በዕጣ ለይቶ በባዶ እግር ለብዙ ዓመታት ማኖር የሚወድ ሰው አይኖርም። መልካም ዳኛ የዐይን ምስክር ሲያጣ ፍርድ አይተውም፤ ያለውን ይመዝናል፥ የሚዛኑንም ልክ ይናገራል። የጎጃሙም ፈተና ቢሆን ጉድለት አያጣም፤ እግሩን የሚታጠብ ሰው መታጠቡን ያውቃልና፥ ማን እንደታከመ ከበሽተኛው መሰወር አይቻልም። የቆየውም 12 ወር ብቻ ነው። ጠንካራ ምስክር ማለት እንከን የሌለው ምስክር ማለት አይደለም።

የጨንቻና የዶርዜ ሸማኔ ጋቢ ሲሠራ አስቀድሞ ድሩን ይዘረጋል። ገዢው በገበያ የሚያየው ጥለቱን ነው፤ ሸማኔው ግን ጋቢው ለዓመታት የሚያገለግለው በድሩ ጥንካሬ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ክሩን በጣቱ እየሳበ ይፈትናል፥ የላላውንም ይለውጣል። መመሪያም እንዲሁ ነው። ቃሉ ያማረ፥ ጸሐፊዎቹም የተከበሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ድሩ ግን ማስረጃው ነው። ነገ ነርስ፥ ሐኪም፥ መምህር ወይም ሹም የምትሆን አንተ፥ እንዲሁም አንቺ፥ መመሪያ በእጃችሁ ሲገባ አክብራችሁ ተቀበሉት፤ ግን ክሩን በጣታችሁ ሳቡት። ከየት መጣ? በስንት ሰው ላይ ታየ? ከማን ጋራ ተነጻጸረ? ምን ያህል ጠቀመ? ምስክር የሆነው ሰው በነገሩ ጥቅም አለውን? ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ትዕቢት አይደለም፤ ነገ ምክራችሁን ተቀብላ ውሃ ተሸክማ ዳገት ለምትወጣው እናት የሚገባት አክብሮት ነው።

ለዚያችም እናት ዛሬ ሊነገራት የሚገባው ቃል ይህን ይመስላል፤ «እናታችን፥ ይህ በሽታ እርግማን አይደለም፥ ወደ ልጆችዎም በመነካካት አይተላለፍም። መታጠቡና ጫማው ፈጽሞ አያድንዎትም፤ ነገር ግን እንደ እርስዎ ባሉ በብዙ ሰዎች ላይ ተፈትኖ ሕመሙ የሚነሣበትን ጊዜ እንደሚቀንስ ታይቷል። አልፎ አልፎ ቢነሣብዎትም ልፋትዎ ከንቱ ሆነ ብለው አይተዉት። ልጆችዎንም ከአሁኑ ጫማ ያልምዷቸው።» ይህ ቃል ከቀድሞው ጥቂት ይረዝማል። ተስፋውም ጥቂት ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን ምስክር ያለው ተስፋ ነው፤ ምስክር ያለው ተስፋ ደግሞ ዳገት ያስወጣል።